ለአዲሷ የአጋርነት ኮሚቴ ጸሐፊ

ልጄ፣ ማኅበረ ምዕመናናችን ከጀርመን አጋሮቻችን ጋር ያለውን ግንኙነት እንድትይዢ ሽማግሌዎች ስለመረጡሽ ደስ ብሎኛል። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት በዓመት ሁለት ሦስት ደብዳቤ መጻፍና እንግዳ መቀበል ይመስላል፤ ግን ከዚያ በላይ ነው። ፋይሎቹን ከመረከብሽ በፊት እነዚህን ያዢልኝ።

1. ታሪኩን ከሥሩ እወቂ። የጀርመኑ የሄርማንስቡርግ ሚስዮን ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት እ.ኤ.አ. በ1853 መርከብ አሠርቶ ሲያሰማራ ስሟን «ካንዳሴ» ብሏት ነበር። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ህንደኬ የምትባለው ንግሥት መሆኗ ነው። መርከቧ ግን መግቢያ አጥታ ሰዎቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞሩ። ሚስዮኑ ወለጋ ውስጥ አይራ ላይ የሰፈረው ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወንጌሉ ቀድሟቸው ገብቷል። የስዊድን ሚስዮናውያን በ1858 ዓ.ም ምጽዋ ወርደው በከፈቱት ሥራ ውስጥ ካደጉት መካከል ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እየታገዘ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳትሟል። ከኤርትራ የተነሣው ገብረ ኤዎስጣቴዎስም ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ቦጂ ደርሶ ነበር። እነዚህን ስሞች ለጀርመን እንግዶችሽ አጫውቻቸው። ብዙዎቹ የሚያውቁት የራሳቸውን አባቶች ብቻ ነው። የእኛም ወጣቶች ቢሆኑ «ፈረንጅ አመጣልን» ብለው ይዘጉታል፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

2. የእነሱ ቤት እንዴት እንደሚተዳደር አጥኚ። እንደ እኛ አሥራት ቆጥረው በፖስታ አያመጡም። የቤተ ክርስቲያን ግብር አለ፤ መንግሥት ከገቢ ግብር ጋር ሰብስቦ ለቤተ ክርስቲያን ያስተላልፋል። በሄርማንስቡርግ አካባቢ፣ በታችኛው ሳክሶኒ፣ መጠኑ የገቢ ግብሩ 9 በመቶ ነው። የቄሱ ደመወዝ ከዚያ ይወጣል። ለእኛ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የተሰበሰበ መባ፣ በባዛር ኬክና ሹራብ ሸጠው ያጠራቀሙት ነው። «ሀብታም ናቸው፣ 500 ዩሮ ምን አላት» የሚል ሰው በኮሚቴው ውስጥ ሲነሣ ይህን ንገሪው።

3. ቀንና ሰዓት። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ። የኢንተርኔት ስብሰባ ስትቀጥሪ «በ3 ሰዓት» ብለሽ አትተዪው፤ በእነሱ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ጨምሪበት። ልዩነታችን በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ነው፤ እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም።

4. ገንዘብ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ ስሚኝ። ዩሮው በገባበት ቀን የባንኩን ምንዛሬ የሚያሳየውን ደረሰኝ ያዢ፣ በሪፖርትሽም ላይ ዩሮውን፣ ብሩንና ምንዛሬውን ሦስቱንም አስቀምጪ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 1 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሰኔ ላይ የገባና ነሐሴ ላይ የገባ እኩል ዩሮ በብር ሲቆጠር እጅግ ይራራቃል። ብሩን ብቻ ጽፈሽ ብትልኪ እነሱ በኢንተርኔት የዕለቱን ምንዛሬ አይተው ያሰላሉ፣ ልዩነቱም ጥርጣሬ ይሆናል። የተረፈ ብር ካለ ተረፈ በዪ። ለጣራ የመጣው በችግር ለሌላ ነገር የሚወጣ ከሆነ፣ ወጪው ከመደረጉ በፊት አስፈቅዱ። ጀርመን የቆርቆሮ ዋጋ ጨመረ ብትዪው ይገባዋል፤ ያላስፈቀድሽውን ግን ዋጋው ትንሽ ነው ብሎ አያልፈውም። ደረሰኝ የማይሰጥ ነጋዴ ካለ ሁለት የኮሚቴ አባላት ፈርመው ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ገንዘቡ በማንም ሰው የግል ሒሳብ አይግባ፣ በቄሱም ቢሆን። ቄሱን ስለጠረጠርሁ አይደለም፣ ከሐሜት እንዲያመልጥ ነው።

5. ይሉኝታ ይዞሽ እውነቱን አትሸፍኚ። ከሁሉ አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው። ያገለገለ ልብስ በኮንቴይነር እንላክላችሁ ሲሉሽ፣ የቀረጡና የማከማቻው ወጪ ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል ብለሽ ካመንሽ በትሕትና እምቢ በዪ፤ በምትኩ የሚያስፈልገንን ጻፊ። እኛ ስጦታ መመለስ ነውር ይመስለናል። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን ተቀብለን፣ ዕቃው ግቢ ውስጥ ሲበሰብስ በጓዳ እናማለን።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቤተ ክርስቲያናችን የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን የሆነውን አንብቢ። ለጋሾቹ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ እጃቸው ይዘረጋ ነበር፤ ለወንጌል ሥርጭት፣ ለአገልጋዮች ሥልጠና፣ ለጸሎት ቤት ግን ያመነቱ ነበር። ምዕመኑ በየገጠሩ እየጎረፈ የሚያስተምረው ሲጠፋ ቤተ ክርስቲያኒቱ ዝም አላለችም። በ1964 ዓ.ም ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል ስላላቸው ትስስር ጽፋ ጄኔቫ ላለው የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ላከች፤ ሰው ሥጋውና ነፍሱ ተለያይተው አይገለገልም፣ የሚያስፈልገንንም እናንተ ብቻችሁን አትወስኑልን ማለቷ ነበር። ደብዳቤው በሉተራን ዓለም ብዙ ክርክር አስነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ናይሮቢ ላይ በዚሁ ጉዳይ ትልቅ ምክክር ተደረገ። ልብ በዪ፣ ይህን የጻፈችው ከውጭ ርዳታ የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን ናት። ርዳታ እቀበላለሁና አፌን ልያዝ አላለችም። ርዳታውም በዚያ ምክንያት አልቆመም።

የእነሱንም እምቢታ ልመጂው። ጀርመን «አይሆንም» ብሎ ሲጽፍልሽ ሰላምታው አጭር፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር ነው። አልተቆጣም። እዚህ ስንት ሰው በከንቱ አኩርፏል መሰለሽ!

6. ጉብኝት። ከእኛ ወገን ሁልጊዜ ቄሱና ሊቀ መንበሩ ብቻ አይሂዱ፤ ከሴቶች አገልግሎትም፣ ከመዘምራንም ይካተት። ቪዛ ወራት ይወስዳል። ጋባዡ ወጪውን እችላለሁ ብሎ በአገሩ ቢሮ ቀርቦ የሚፈርመው ሰነድ ስላለ ቀድመሽ አሳስቢያቸው። ወጣትና ያላገባ ብዙ ጊዜ ይከለከላልና ተጠባባቂ ሰው ይኑርሽ። እነሱ ሲመጡ በሬ አትጣሉ፣ አዳራሽ አትከራዩ። ቢያንስ አንድ ሌሊት በሰው ቤት ይደሩ፣ ቡና ሲፈላ ይቀመጡ። የሚያፈሰውን ጣራ ደብቃችሁ ሌላ መንገድ አትውሰዷቸው፤ ድኻ ልጆችን ለካሜራ ማሰለፍም ይቅር።

7. ችግር ሲኖር ብቻ አትጻፊ፤ የእነሱንም ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 380 ሺህ ገደማ ሰዎች ከጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባልነት ለቀዋል። የእኛይቱ ደግሞ በ1951 ዓ.ም ስትቋቋም 20 ሺህ ገደማ አባላት ነበሯት፣ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ለመኩራራት አይደለም የነገርሁሽ፤ እኛም ልጆቻችንን ወደ ከተማና ወደ ዐረብ አገር እየሸኘን ነው። የጸሎት ርእሳቸውን ጠይቀሽ በእሑድ አምልኮ አስጸልዪ፣ መጸለያችንንም ጻፊላቸው። ልጄ፣ የሚያዝንላቸው ሰው መኖሩን መስማት እዚያ ብርቅ ነው።

8. የማንስማማበት ነገር ይመጣል። በ2005 ዓ.ም ቤተ ክርስቲያናችን በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ውሳኔው የላይኞቹ አካላት ነው፣ አንቺ በማኅበረ ምዕመናን ደረጃ አትከራከሪበት። ቢጠይቁሽ ግን ቤተ ክርስቲያንሽ የምታምነውን በግልጽና በአክብሮት ንገሪያቸው፤ ደብዳቤ ሳይመልሱ ዝም ማለት መልስ አይደለም። ሦስቱም አብያተ ክርስቲያናት ከዚያ በኋላም በዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ውስጥ አብረው መቀመጣቸውን አትርሺ።

9. ደብዳቤውን በስልክሽ ብቻ አታስቀሪ። የመጣውንም የሄደውንም አትመሽ በቢሮው ፋይል ውስጥ በቀን አስቀምጪ። ፎቶ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከጀርባው ጻፊ፣ የእነሱንም የእኛንም። የቢሮው ካዝና ሁለተኛ ቁልፍ ገንዘብ ያዥዋ ጋ ይሁን።