ማርሳቢት ካውንቲ፦ የከብቱ ገንዘብ ከየት ገብቶ የት ይሄዳል?

ከሞያሌ ከብት ጭኖ ወደ ናይሮቢ የሚወርድ ነጋዴ ማርሳቢት ካውንቲን የሚያውቀው ነዳጅ እንደሚቀዳበትና ምሳ እንደሚበላበት መንገድ ነው። ይሁን እንጂ በሞያሌ ገበያ በሚጠራው ዋጋ ላይ የዚህ ካውንቲ ግጦሽና ውኃ፣ መንገድ፣ የገበያ ክፍያና የአርብቶ አደሩ የገንዘብ ችግር ትልቅ እጅ አላቸው። የካውንቲውን ኢኮኖሚ ማወቅ ለነጋዴ ትርፍና ኪሳራን የሚለይ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርሳቢት 70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ከኬንያ ሰፋፊ ካውንቲዎች አንዱ ነው። በ2009 ቆጠራ 291,166 የነበረው ሕዝቡ በ2019 ቆጠራ 459,785 ደርሷል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ካውንቲዎችን ከፈጠረና በ2013 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ከብሔራዊ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለ47ቱ ካውንቲዎች ይከፋፈላል። የማርሳቢት ከተማና ሞያሌ ፎቅና ባንክ ያበዙት በዚህ ገንዘብ ጭምር ነው። በሎያንጋላኒ በኩል 365 ተርባይኖች ያሉት፣ 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ጣቢያ በ2019 ተመርቋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሲደመር ካውንቲው ከከብት ጥገኝነት ወጣ ማለት ነው? አይደለም። የነፋስ ኃይሉ መብራት በከፍተኛ መስመር ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ አብዛኛው ቤተሰብ ግን ዛሬም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለው ፍየል ሸጦ ነው።

እርሻ የለም ለማለት አይደለም። በማርሳቢት ተራራ ዳገትና በሞያሌ ዙሪያ በቆሎ፣ ባቄላና ጫት ይመረታል፤ ጤፍም ይዘራል። የተራራውን እርሻ በማስፋፋት ረገድ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከደቡብ ኢትዮጵያ የሄዱት ቡርጂዎች ድርሻ ትልቅ ነው። ነገር ግን ቆላው ሰፊ፣ ዝናቡም ጥቂት ስለሆነ በካውንቲው ግብርና ሲባል በዋናነት እንስሳት ማለት ነው፦ ፍየል፣ በግ፣ ግመልና የቦረና ከብት።

አሁን አንድ ሰንጋ እንከተል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ 500,000 ሽልንግ ይዞ ገበያ ገባና በሬውን በ50,000 ሒሳብ አሥር ሰንጋ ገዛ እንበል። ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው ወደ ባለከብቱ ይሄዳል። ደላላው ድርሻውን ይወስዳል፤ ካውንቲው የገበያ ክፍያውን ይቆርጣል። ከዚያ ነጂው፣ ጫኙ፣ ሣርና ውኃ ሻጩ፣ ባለመኪናውና ሻይ ቤቷ እያንዳንዳቸው ይቀበላሉ። እነዚህ ሰዎች በካውንቲው የሥራ መዝገብ ላይ «የእንስሳት ዘርፍ» ተብለው አይጻፉም፤ ነገር ግን ገበያው አንድ ሳምንት ቢዘጋ ሁሉም ሥራ ፈት ናቸው። የከብት ድርሻ በወረቀት ላይ ካለው በላይ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ በኬላ ሳያልፍ፣ ሳይመዘገብ ድንበር የሚሻገረው ከብት ነው። ያልተመዘገበ ከብት በካውንቲው በጀት ክርክር ላይ የለም። ስለዚህ ለገበያ ውኃ፣ ለመጫኛ መድረክ ወይም ለክትባት ገንዘብ ሲጠየቅ የሚቀርበው ቁጥር ሁልጊዜ ትንሽ ነው። በጎን የሚያልፈው ነጋዴ የዛሬን ክፍያ ያተርፋል፤ ግን ከብቱን ለመጫን ድንጋይ ላይ የሚታገለውም ራሱ ነው።

ባለከብቱ የተቀበለው ገንዘብስ? በማግስቱ ወደ ሱቅ ይገባል። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይትና ሻይ ይገዛል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከካውንቲው ውጭ የመጡ ናቸው፤ ከደቡብ ኬንያ ወይም ከኢትዮጵያ በኩል። ሰንጋው ደግሞ የሚታረደው ናይሮቢ ነው። ፍየሉ ኪያማይኮ፣ በሬው ዳጎሬቲ ይወርዳል፤ ቆዳው፣ የሆድ ዕቃውና የቄራ ሠራተኛው ደሞዝ እዚያው ይቀራል። በአጭሩ ካውንቲው የሚያድገው በሚወጣው የእንስሳ ብዛት እንጂ በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ በሚጨመር ዋጋ አይደለም። በየምርጫው ቄራ እንሠራለን የሚባለው ለዚህ ነው። ቄራ ግን ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ የማያቋርጥ ውኃና መብራት፣ ማቀዝቀዣ መኪና፣ ከሁሉም በላይ በየቀኑ የሚገባ እንስሳ ይፈልጋል። ዝናብ ሲጥል አርብቶ አደሩ አይሸጥም፤ ድርቅ ሲሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል። ይህ መዋዠቅ ሳይፈታ የሚሠራ ቄራ ባዶ መቆሙ አይቀርም።

መንገዱ ብዙ ነገር ቀይሯል። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የሞያሌ–ኢሲዮሎ መንገድ በ2010ዎቹ ውስጥ በየክፍሉ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ከሞያሌ ናይሮቢ መድረስ ሁለትና ሦስት ቀን፣ በዝናብ ጊዜ ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር። ሰው ከከብቱ በላይ በብረት ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጓዝበትን ዘመን የዚህ መስመር ነባር ነጋዴዎች አይረሱትም። በመንገድ የሚሞትና የሚከሳ እንስሳ ሲቀንስ ገዢው ለሻጩ የተሻለ መክፈል ቻለ። በዚያው መጠን ግን የናይሮቢ ገዢ ራሱ በስልክ ዋጋ ጠይቆ፣ በሞባይል ገንዘብ ከፍሎ ከአካባቢው ደላላ ጋር በቀጥታ መሥራት ጀመረ። በመሐል ሆኖ በዋጋ ልዩነት ብቻ ይኖር የነበረው ነጋዴ ትርፉ ጠቧል።

ክፍያንና ፈቃድን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው የማን ሥልጣን የት እንደሚያበቃ ነው። በኬንያ ሕገ መንግሥት የከብት ገበያ፣ የካውንቲ ቄራና የእንስሳት በሽታ ቁጥጥር የካውንቲው ሥራ ነው። የድንበር ቁጥጥር፣ ጉምሩክና የውጭ ንግድ ደግሞ የማዕከላዊ መንግሥት ነው። በ2020 መጨረሻ በይፋ የተመረቀው የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ ሁለቱን አገሮች ቢያገናኝም የካውንቲውን የገበያ ክፍያ አይተካም። ስለዚህ የገበያ ደረሰኝና የእንስሳት ማጓጓዣ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። በየካውንቲው ወሰን ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅ ነጋዴም ደረሰኝ ሊጠይቅ ይገባል፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ለካውንቲው ዕድገት የገባ አይደለም። በካውንቲው ደቡብ ጫፍ ባለው የመሪሌ ገበያ የነጋዴዎችና የአርብቶ አደሮች ማኅበር ገበያውን ከካውንቲው ጋር በጋራ ማስተዳደሩ የተሻለ መንገድ መሆኑን አሳይቷል። ክፍያው ከፊሉ ለራሱ ለገበያው ጥገና ከዋለ ከፋዩም በፈቃዱ ይከፍላል።

የውጭ ምንዛሪውም አለ። ሐምሌ 2024 ላይ ኢትዮጵያ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገች በኋላ ብር በይፋ ዋጋው ወርዷል። ብር ሲረክስ የቦረና ሰንጋ በሽልንግ ሲታሰብ ይረክሳል፤ ወደ ደቡብ ይሳባል። በተቃራኒው ከኬንያ በሞያሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገረው ግመል ለገዢው ይወደዳል። እርግጥ በድንበሩ የሚሠራው ሰው ቀድሞም የሚያሰላው በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ስለነበር ለውጡ በጋዜጣ የተጻፈውን ያህል አልነበረም።

ከሁሉም በላይ ግን የሚከብደው ድርቅ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል፤ በኬንያ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀዋል፤ ማርሳቢትም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የከሳ ከብት ዋጋ ሲወርድ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ትናንት አንድ ጆንያ በቆሎ ይገዛ የነበረ ፍየል ግማሹንም አይገዛም። ነጋዴው ርካሽ አገኘሁ ብሎ ይገዛል፤ ግን ከብቱ መንገድ ላይ ይወድቅበታል። ይህን ለማለዘብ በጥር 2010 በማርሳቢት የተጀመረው የእንስሳት መድን የሞተ ከብት ቆጥሮ አይደለም የሚከፍለው፤ በሳተላይት የሚታየው የግጦሽ ልምላሜ ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ ነው። በ2012 ወደ ቦረናም ተሻግሯል። ካሳ ያገኙ ቤተሰቦች በችግር ጊዜ ከብት መሸጥ እንደቀነሱ ጥናት አሳይቷል። ይህ ለነጋዴ ክፉ ዜና የሚመስለው ሩቅ ላላየ ነው፤ ላም ያላለቀበት ቤት ነገም ወይፈን ይሸጣል።

ነገሩ የሚገባው በስሌት ነው። ፍየል በአምስት ወር ትወልዳለች፤ ግልገሏም በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ለገበያ ይደርሳል። ላም ዘጠኝ ወር ትሸከማለች፤ በቦረና ግጦሽ ያደገ ወይፈን ጥሩ ሰንጋ ለመሆን አራት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ግመል ከአሥራ ሁለት ወር በላይ ትሸከምና ብዙ ጊዜ በየሁለት ዓመቱ ትወልዳለች። ዝናቡ በ2023 ተመለሰ እንበል፤ በዚያ ዓመት አጋማሽ የፀነሰች ላም በ2024 መጀመሪያ ወለደች። ያ ጥጃ ሰንጋ ሆኖ መኪና ላይ የሚወጣው በ2028 ነው። እስከዚያ ድረስ አርብቶ አደሩ ጊደሩን ለመንጋው ስለሚያስቀር ወደ ገበያ የሚወጣው ሰንጋ ቀጭን ሆኖ ይቆያል፤ ፍየልና በግ ግን ቀድመው ይሞላሉ። በዚህ መስመር ለሰንጋ ብቻ የተዘጋጀ መኪና ያለው፣ የፍየል ደንበኛ ግን ያልያዘ ነጋዴ በነዚህ ዓመታት ብዙ ቀን ባዶውን ይመለሳል።