‹‹አስዌጅ›› ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጕምና አገባብ

ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፤ የአንድን ቃል ትርጕም በግምት ይዞ በድፍረት መጻፍ የብዙዎቻችን ጠባይ ሆኗል። ነገሩ ከፈተና ነጥብ የበለጠ ጕዳት እንደሚያመጣ በራሳችን ላይ ስላየነው፤ ዛሬ አንዱን ቃል ብቻ መርምረን ለጓደኞቻችን ለማቅረብ አሰብን።

በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በይፋት፤ ይልቁንም በአጣዬ በደረሰው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ቤትም ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ለዕረፍት ወደ ሸዋ ሮቢት በወረድን ጊዜ፤ ቤታቸው የተቃጠለባቸው አንድ ሽማግሌ ለውጭ አገር ድርጅት የሚላክ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ እንድንጽፍላቸው ለመኑን። ቃላቸው ‹‹ጕዳቴ ይካስልኝ›› የሚል ነበር። እኛም ያማረ መስሎን ‹‹ይካስ›› በሚለው ቦታ ‹‹አስዌጅ››ን አገባን። ‹‹እስቲ ምን አላችሁልኝ?›› ብለው ቢጠይቁን፤ መዝገበ ቃላት ገልጠን ‹‹ይታገሥልኝ ማለት ነው፤ አባባ›› አልናቸው። እርሳቸውም ‹‹ልጆቼ፤ ትዕግሥቱንስ አላህ ሰጥቶኛል፤ ያጣሁት ቤት ነው›› አሉን። አፍረን ወረቀቱን ቀደድነው።

ቃሉ፤ ኤ፣ ድርብ ኤስ፣ ዩ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል፤ ሲነበብም ድምፁ የሚጐላው ‹‹ዌ›› ላይ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን፤ ሥሩ በላቲን ጣፋጭ ማለት የሆነው ‹‹ስዋዊስ›› ነው። የኛው ‹‹አስታገሠ›› ግን ‹‹ታገሠ›› ከሚለው ይወጣል። እንግሊዝኛው ሕመሙን ሲያጣፍጠው፤ አማርኛው ትዕግሥት ያስተምረዋል ማለት ነው። በይፋት ለቅሶ ቤት ክርስቲያኑ ‹‹እግዚአብሔር ያጥናችሁ›› ሲል፤ ሙስሊሙ ‹‹አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ›› ይላል፤ ሁለቱም የሚመኙት ሐዘኑን መቻያ ነው እንጂ የሞተው እንዲመለስ አይደለም።

አገባቡን በሦስት እንከፍለዋለን።

1ኛ/ በዛሬው አጻጻፍ ተሳቢው ብዙ ጊዜ ስሜት ወይም ሥቃይ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ‹‹ሐዘንተኛዋን›› ሳይሆን ‹‹የሐዘንተኛዋን ሐዘን›› አስዌጅ ማድረግ ይባላል። ሰውየውን ራሱን ለማጽናናት ‹‹ኮንሶል›› የሚባል ሌላ ግሥ አለ። ወደ አማርኛ ስንመልሰው ግን አንዱ ቃል ይበተናል፤ ከጣርማበር ወርዶ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ያገኘው መንገደኛ ጥሙን ይቈርጣል፤ ረኀቡን ያስታግሣል፤ ቍጣውን ያበርዳል፤ ሥጋቱን ያረግባል። እንግሊዝኛው ለአራቱም ‹‹አስዌጅ›› ይበቃዋል።

2ኛ/ ነገሩን ይቀንሰዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። ቆላ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ፓራሲታሞል የወባን ትኵሳት ያበርዳል፤ የወባውን ተሕዋሲ ግን አይገድለውም።

3ኛ/ ቃሉ የጽሑፍና የንግግር መድረክ ነው፤ በተራ ጨዋታ ‹‹ኢዝ›› ወይም ‹‹ሱዝ›› ማለት ይሻላል።

ከጎረቤቶቹም ጋራ እንዳናደባልቀው። ‹‹አፒዝ›› የተቈጣውን ወይም ኀይለኛውን የፈለገውን ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1935 የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል፤ ሙሶሊኒን ደስ ለማሰኘት ከኢትዮጵያ መሬት ቈርሰው ሊሰጡት ያሰቡት ይህን ነበር። ‹‹ሪድሬስ›› ደግሞ የተበደለውን መካስ፤ የጐደለውን መሙላት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው እንጀራና ብርድ ልብስ መስጠት ‹‹አስዌጅ›› ነው፤ መልካምም ነው። ቤቱን መልሶ መሥራትና ያጠፋውን ለፍርድ ማቅረብ ግን ‹‹ሪድሬስ›› ነው። የመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ያደርሳል እንጂ ምትኩ አይሆንም። ሽማግሌው የጠየቁን ሁለተኛውን ነበር፤ እኛ ግን ለቃል ውበት ስንል የመጀመሪያውን ልንለምንላቸው ነበር። ስለ ሌላ ሰው ሆኖ ብዕር የሚያነሣ ሁሉ፤ ቃሉ ያማረ መሆኑን ሳይሆን ባለ ጉዳዩ ያለውን መያዙን አስቀድሞ ይጠይቅ።