ተጽፏልን?
በመጽሐፍ ስለሚደረግ ክርክር ለክርስቲያን የሚሆን ትምህርት

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር የሚያልፍ መንገደኛ በገደሉ አፋፍ ቆሞ ቢጣራ፥ ድምፁ ከማዶ ይመለስለታል። ነገሩን የማያውቅ ሕፃን ከወዲያ ማዶ ሌላ ሰው የመለሰለት ይመስለዋል። አዋቂው ግን የገደል ማሚቶ መሆኑን ያውቃልና አይታለልም። እኛም በቅዱሳት መጻሕፍት ስንከራከር እንዲሁ ያገኘናል። ከሰው የሰማነውን ወይም የራሳችንን አሳብ «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ብለን እንናገራለን፤ ድምፃችንም ተመልሶ በጆሮአችን ሲገባ እግዚአብሔር የተናገረን ይመስለናል። ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ባልንጀራችን ያላለውን «ብሏል» ብንል ሐሰተኛ ምስክር እንባላለን፤ በእግዚአብሔር ቃል ላይማ ይህን ማድረግ እንዴት ይልቁን አይከፋ!

ስለዚህ ወደ ክርክር ሳትገባ ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። ፊተኛው፥ በእውነት ተጽፏልን? ሁለተኛው፥ ከተጻፈ ትርጓሜው ምንድር ነው? ሦስተኛው፥ እኔ የምናገረው በምን ልብ ነው?

ፊተኛው ጥያቄ፤ ተጽፏልን?

ብዙ ሰው «ገንዘብ የክፋት ሥር ነው ተብሎ ተጽፏል» ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለጢሞቴዎስ በላከው በፊተኛው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ የነቀፈው ገንዘቡን ሳይሆን ገንዘብን መውደድን ነው። በዳባት ገበያ ገብሱን በእውነተኛ ስፍር ሸጦ ልጆቹን የሚያሳድግ ገበሬ በዚህ ቃል አይወቀስም፤ አንድ ብር ሳይኖረው ሌት ተቀን የሰው ገንዘብ የሚመኝ ግን ይወቀስበታል። አንዲት ቃል በመጉደልዋ ፍርዱ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ዞረ።

ደግሞ አዳም የበላው ፍሬ ምን ነበር ብትል፥ በአገራችን በለስ ነው ይሉሃል፤ በአውሮጳ ደግሞ ፖም ነው ይላሉ። የኦሪት ዘፍጥረት መጽሐፍ ግን መልካምንና ክፉን የምታስታውቅ ዛፍ ከማለት በቀር ስም አልሰጣትም። በለስ በ3ኛው ምዕራፍ የተጠራው አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ስለ ለበሱ ነው። በመጽሐፈ ሄኖክም በ32ኛው ምዕራፍ የጥበብ ዛፍ ፍሬ በወይን ዘለላ ተመስሏል። ይህን የምነግርህ የአባቶችን ትውፊት እንድትንቅ አይደለም። ትውፊትን ትውፊት፥ የተጻፈውንም የተጻፈ ብለህ እያንዳንዱን በስሙ ጥራ ስል ነው።

በማርያም መግደላዊት የደረሰው ግን ከዚህ ይከፋል። ብዙዎች ዘማ ነበረች ይላሉ። በሉቃስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ የጌታን እግር በእንባዋ ያራሰችው ኃጢአተኛ ሴት ስምዋ አልተነገረም። ማርያም መግደላዊት በ8ኛው ምዕራፍ ከሰባት አጋንንት የዳነች ሆና ትጠራለች፤ ታሞ መዳንም ነውር አይደለም። ባለማንበብ የሰው ስም እንደሚጠፋ ከዚህ ተማር።

ምናልባት «እኔ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ግእዙን ግን አላስተውለውም፤ አማርኛውም የፈረንጅ መጽሐፍ ነው» ትል ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በመላው ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ የተባለ የጎጃም ሰው ነው። በምስር ከነበረው አሰሊን ከሚባል የፈረንሳይ ሹም ጋራ 10 ዓመት ያህል ደክሞ 9,539 ገጽ ጻፈ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1840 ዓመት የታተመው ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ከዚህ ሥራ የወጣ ነው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዲስ ትርጕም ታተመ። እንግዲህ በቋንቋህ ለማንበብ ምን ምክንያት ቀረህ?

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ትርጓሜው ምንድር ነው?

ክርክር ሁሉ ካለማንበብ የሚመጣ አይምሰልህ። በጎንደር ዘመን ተዋሕዶ፥ ቅብዓትና ጸጋ እየተባሉ ብዙ ዘመን የተከራከሩት ሊቃውንት መጽሐፍ የማያውቁ አልነበሩም። በሐዋርያት ሥራ በ10ኛው ምዕራፍ ጌታ በመንፈስ ቅዱስ ስለ መቀባቱ የተጻፈውን ሁሉም ያነቡ ነበር፤ የተለያዩት በትርጓሜው ነው። ይህ ነገር ከነገሥታቱም ዙፋን ደርሷል። በዚህ በስሜን ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም አቡነ ሰላማ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቀቧቸው አፄ ቴዎድሮስ የተዋሕዶን ወገን ይዘው ነበር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የተዋሕዶን ትምህርት አጸኑ።

ከዚህ የምትማረው ይህ ነው። ነገሩ «ተጽፏልን» የሚል ሲሆን መጽሐፉን ገልጦ ማሳየት ይበቃል። ነገሩ የትርጓሜ ሲሆን ግን አንዱን ቃል መዝዞ መጮኽ አይበቃም፤ ከቃሉ በፊትና በኋላ ያለውን ማንበብ፥ የተማሩትንም መጠየቅ ያሻል። ሊቃውንት በብዙ ዘመን ያልጨረሱትን አንተ በአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ ልጨርስ አትበል።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ በምን ልብ?

ሁለት ወንድማማች በሃይማኖት ነገር ተከራክረው ተኳረፉ እንበል። አንዱ የሌላው ልጅ ሲሞት ለቅሶ ሳይደርስ ቀረ። በክርክሩ ማን እንደ ረታ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቃል? የረታውም ቢሆን ወንድሙን አጥቷል። ቅዱስ ጴጥሮስ በፊተኛው መልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ያዝዛል፤ ነገር ግን በየውሃትና በፍርሃት እንዲሆን ይጨምራል። ትእዛዙን ግማሽ ብቻ የፈጸመ እንደ ፈጸመ አይቈጠርም። በሐዋርያት ሥራ በ17ኛው ምዕራፍ የተመሰገኑት የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስ የነገራቸውን ዕለት ዕለት ከመጽሐፍ ጋራ አስተያዩ እንጂ አልተሳደቡም።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ያላነበብኸውን «ተጽፏል» አትበል። ስትጠየቅ የማታውቀው ቢሆን «አላውቅም፤ አብረን እናንብብ» ለማለት አትፈር። ሳንቃ በር የሚለውን ስም በሰማህ ጊዜም ይህን አስብ፤ ሳንቃ ያለው በር ለመዝጋት ብቻ ሳይሆን እንግዳን ለማስገባትም ተሠርቷል። የእግዚአብሔርን ቃል በወንድምህ ፊት መዝጊያ አታድርገው።

የመልመጃ ጥያቄ

1. «መጽሐፍ ይላል» ስትል ከቆየኸው ነገር በዓይንህ ያነበብኸው የትኛው ነው?
2. በመጨረሻ የተከራከርህበት ነገር የተጻፈው ነው ወይስ ትርጓሜው?
3. በክርክር ምክንያት ቤቱን ያልረገጥኸው ወንድም ማን ነው? መቼስ ትሄዳለህ?