ባለ ሁለት መቀነቱ የቀይ ባሕር ዓሣ



የሁሩታ ልጆች ዓሣ ሲባል የሚያውቁት ከዝዋይና ከቆቃ ተጠምዶ ለገበያ የሚቀርበውን አመድማ ቆሮሶ ነው። ባሕር ከአርሲ ምድር ሩቅ ነውና አይፈረድባቸውም። በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው ፍጥረት ግን የሚኖረው በቀይ ባሕር፣ ማለትም ቀደምት ሙስሊሞች በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ በተሻገሩት ባሕር ውስጥ ነው።

ዓሣው ርዝመቱ ከ14 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አካሉ ከብርቱካናማ ቢጫ እስከ ጥቁር ቡናማ ሲሆን፣ ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ሁለት ነጫጭ መቀነቶች ይዞሩታል፤ ሰፊው ከዓይኑ ኋላ፣ ጠባቡ በወገቡ ላይ። በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830 እ.ኤ.አ. ነበር። ይኸው ሰው በኋላ እስከ ጎንደር ተጉዞ፣ ዛሬ በአርሲ ተራሮችም የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ ለዓለም አስተዋውቋል።

መኖሪያው በመርጃን (ኮራል) መካከል ሲሆን፣ ቤቱ ግን አኒሞኒ የተባለ አበባ መሳይ እንስሳ ነው። የአኒሞኒው ረዣዥም ክንዶች የሚነካቸውን ትንሽ ፍጡር በመርዝ ይነድፋሉ። ይህን ዓሣ ግን ቆዳውን የሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ስለሚጠብቀው በመካከላቸው ያለ ሥጋት ይመላለሳል። እርሱም በበኩሉ አኒሞኒውን ሊበሉ የሚመጡ ዓሦችን ያባርራል፤ ከአካሉ የሚወጣው ቆሻሻም ለባለቤቱ ምግብ ይሆናል።

እናቲቱ እንቁላሏን በአኒሞኒው ሥር ባለ ድንጋይ ላይ ትጥላለች። የሚጠብቀውና በክንፉ ውኃ እያራገበ የሚያናፍሰው በአብዛኛው አባትየው ነው። ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ የተፈለፈሉት ጫጩቶች በባሕሩ ሞገድ ተወስደው ከወላጆቻቸው ይለያሉ። በሕይወት የተረፉት ዘመድ ያልሆኑ ዓሦች ወደሚኖሩበት አኒሞኒ ይጠጋሉ። ይህን የርኅራኄ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ በወደድን ነበር፤ እውነቱ ግን ነባሮቹ እንግዳውን የሚታገሡት ታናሽነቱን አውቆ እስከኖረ ድረስ ብቻ ነው።

የዚህ ሁሉ ኑሮ መሠረት አኒሞኒው ነው። በውስጡ የሚኖሩ ደቃቅ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ቀለሙንም ምግቡንም ይሰጡታል፤ ውኃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ግን ያጣቸዋል፤ እርሱም ይነጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ቀይ ባሕር የሆነው ይኸው ነው። በተጠኑት የመርጃን ሥፍራዎች አኒሞኒዎቹ ነጥተው አብዛኞቹ ሞቱ፤ ከዓሦቹም የተረፉት እጅግ ጥቂት ነበሩ።