የአገራችንን የዱር ጥንቸሎች ለይቶ ስለ ማወቅ

አገር የምታስተዳድሩ፤ የእርሻም ይዞታ ያላችሁ ክቡራን ሆይ፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ከርኩሳን እንስሳት ጋራ ስለ ተቈጠረች ከሕዝባችን ብዙው ሥጋዋን አይበላም። አዳኝም ስለማይፈልጋት በእጁ ይዞ የተመለከታት ጥቂት ነው። ስለዚህ የደጋዪቱንም የቆላዪቱንም በአንድ ስም ጠርተን እናልፋለን። ሊቃውንት ግን መርምረው ዐይነታቸው ልዩ ልዩ መሆኑን ጽፈዋል፤ ዋኖቹም ሦስት ናቸው።

1ኛ፤ የደጋ ጥንቸል። ይህች ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ፔቴር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1963 እ.ኤ.አ. ራሷን የቻለች ዐይነት መሆኗን ገለጠ። በሸዋ ከፍታ፤ በመንዝ ጓሣ፤ በባሌም ተራሮች፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው የሣር አገር ትኖራለች። ጠጕሯ ጥቅጥቅ ያለ፤ የጆሮዋም ጫፍ በሰፊው ጥቁር ነው። የባሌዪቱ ጅራት ነጭ ሲሆን የሸዋዪቱ በላዩ ጥቁር መስመር አለበት፤ እንግዲህ በጅራት ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

2ኛ፤ የቆላ ጥንቸል። ስሟ በ1832 እ.ኤ.አ. በሊቃውንት መጽሐፍ ገባ። በምሥራቅ ባለው ደረቅ ሜዳና በጎረቤቶቻችን በጂቡቲና በሶማሊያ ትገኛለች። መልኳ ብርማ ግራጫ ነው፤ በጆሮዋ ጫፍ ያለው ጥቁር እንደ ጥልፍ ጠርዝ ጠባብ ነው፤ ጅራቷም ከላይ ጥቁር ከታች ነጭ ነው።

3ኛ፤ የምዕራብ ጥንቸል። ቶማስ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ በ1903 እ.ኤ.አ. የጻፈላት ናት። ከጣና አገር ጀምሮ ወደ ምዕራብ ቍጥቋጦና ዱር ባለበት ትኖራለች። መልኳ ከቆላዪቱ ይልቅ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ጆሮዋም ከአካሏ ጋራ ሲመዛዘን አጠር ይላል።

እንግዲህ የሚመለከት ሰው አስቀድሞ የቦታውን ከፍታ ይጠይቅ፤ ቀጥሎ የጆሮውን ጫፍ፤ በመጨረሻም ጅራቱን ይይ። ሦስቱ ምልክቶች ካልተስማሙ «አልለየሁም» ብሎ መጻፍ በግምት ከመጻፍ ይሻላል። ለመመርመር ብሎ መግደል አይገባም፤ በመንገድ ሞታ የተገኘችውንም በባዶ እጅ መንካት ስለ በሽታ ያስፈራል።

ይህ ሁሉ ለአስተዳደር ምን ይረባል ቢባል፤ የደጋ ገበሬ «ጥንቸል የገብሴን ቡቃያ ፈጀችብኝ» ብሎ አቤት ባለ ጊዜ ነገሩ ይገለጣል። ሹሙ ሳይለይ መርዝ ይበተን ብሎ ቢያዝዝ፤ በዓለም ሌላ አገር የሌላትን ፍጥረት ያጠፋል። መርዙም በዚያ አይቆምም፤ ዋና ምግቡ አይጥ ቢሆንም ጥንቸልንም የሚይዘው ቀይ ቀበሮ የተመረዘችውን በልቶ ይሞታል፤ እርሱም በኢትዮጵያ ብቻ የቀረ ጥቂት ወገን ነው። ቀበሮው ሲጠፋ አይጥ ይበዛል፤ ገበሬውም ከጥንቸል ያዳነውን ገብስ ለአይጥ ይገብራል። ስለዚህ ማሳውን በእሾህ ማጠርና ቡቃያው እስኪጠነክር ማስጠበቅ ይሻላል። አቤቱታውን የሚቀበል ሹም ከትእዛዙ በፊት «የትኛዪቱ ናት?» ብሎ ይጠይቅ።