ሌሊት የሚኮመጥጥ የሐይቅ ተክል

«የቁልቋል በለስ ውሃ እንዳያልቅበት በቀን ቀዳዳውን ዘግቶ ይውላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው ሌሊት ነው፤ ጋዙንም በአሲድ መልክ ያሳድረዋል።» ይህ በየደብተራችን የሰፈረ ነው። ታዲያ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚኖር ተክል ይህንኑ ሲሠራ ቢገኝስ? ውሃ ጠማው እንዳንል፣ የሚኖረው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው!

ተክሉ አይሶኤተስ ይባላል። አበባ የለውም፤ እንደ ፈርን በስፖር ይራባል። ሲያዩት የቀጭን ሽንኩርት ቅጠል አንድ ላይ የታሰረ ይመስላል። አንዱ ዝርያ በስኮትላንድ፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክና በፖላንድ እጅግ በጠሩ ሐይቆች ግርጌ ይበቅላል። ፖላንዶች እነዚህን ሐይቆች በጎረቤቱ ስም «የሎቤሊያ ሐይቆች» ይሏቸዋል። (የሰሜን ተራራው ጅብራችንም የሎቤሊያ ወገን ነው፤ አንዷ ሐይቅ ውስጥ፣ ሌላው ውርጭ ላይ! እሱ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።)

የውሃው መጥራት ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ለተክል ድህነት ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጥቂት ነው፤ ካርቦንም እንደዚሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ቀርፎ ነው። በተለይ ጥልቀት በሌለው ኩሬ ቀን ተክሉ ሁሉ ተሻምቶ ይጨርሰዋል። ሌሊት ግን ፍጥረት ሁሉ ይተነፍሳል እንጂ ጋዙን የሚበላ የለም፤ ስለዚህ ይጠራቀማል።

አይሶኤተስ ይህን ጊዜ ነው የሚጠብቀው። ሌሊት ስታርቹን ይሰባብርና 3 ካርቦን ያለው ውሕድ ያዘጋጃል፤ ከውጭ የመጣውን 1 ካርቦን ይጨምርበትና ባለ 4 ካርቦን ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው ማሊክ አሲድ ነው፤ 4 የካርቦን፣ 6 የሃይድሮጅንና 5 የኦክስጅን አቶሞች ያሉት። ሺለ የተባለው ኬሚስት በ1785 እ.ኤ.አ. ከፖም ጭማቂ ለይቶ ያወጣው ያው አሲድ መሆኑ ነው። ተክሉ በየሕዋሱ ከረጢት ያጠራቅመዋል። ፀሐይ ስትወጣ አሲዱ ይፈርስና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ይለቀቃል፤ ብርሃንም ስላለ ስኳር ይሠራበታል። ከዚህም ሌላ በሥሩ ከጭቃው ብስባሽ ጋዝ ይስባል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት 4 የአየር ቦዮች መተላለፊያ ናቸው።

ነገሩን በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው አሜሪካዊው ጆን ኪሊ ነው። ያጠናው በካሊፎርኒያ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ በሚሞሉ ኩሬዎች የሚበቅለውን ዝርያ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኩሬው ሲጎድልና ቅጠሉ አየር ላይ ሲወጣ ተክሉ የሌሊት አሲድ መሥራቱን ይተዋል። የውሃ ችግር በሚጀምርበት ሰዓት ማለት ነው! የበለሱ ምክንያት እውነት ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይብስበት ነበር። ስለዚህ ተማሪ «ይህ አሠራር ለምን ያገለግላል?» ብሎ ሲጠይቅ «ለድርቅ» ብቻ ብሎ መመለስ ግማሽ መልስ ነው። በለስ ውሃ ይቆጥባል፤ አይሶኤተስ ካርቦን ያድናል።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ብልሃት የሚጠቅመው ድህነቱ እስካለ ድረስ ነው። ከእርሻ ማዳበሪያ ታጥቦ ሐይቁ ከገባ አልጌ ይፈላል፤ ውሃው ይደፈርሳል፤ ግርጌው ይጨልማል። ያኔ የሚያጥረው ብርሃን ስለሆነ ማሊክ አሲድ አያድንም። በአውሮፓ ብዙ ሐይቆች ተክሉ የመነመነው በዚህ ዓይነት ነው።

አይሶኤተስን ክፍል ማምጣት አይቻልም፤ በለስ ግን አለ። ጎህ ሳይቀድ ከአንድ ተክል ቁራጭ ቁረጡ፤ ማታ ላይ ከዚያው ተክል እኩል ክብደት ያለው ሌላ ቁረጡ። የጠዋቱን ሳይውል ሳያድር ውቀጡት፤ ብርሃን ካገኘ አሲዱ ይፈርሳል። ሁለቱንም በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ አጥልሉ፤ ፌኖልፍታሊን ጨምሩና ቀጭን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት በጠብታ አውርዱ። ሮዝ ቀለም እስኪይዝ ድረስ ጠብታውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቁጠሩ። የጠዋቱ ብዙ ጠብታ ይፈልጋል። የወተታሙን ቁልቋል ግን አትንኩ፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።