የጎበጠው መስቀል

በደቡብ ህንድ፣ በማላባር ጠረፍ የሚኖሩት የሐዋርያው ቶማስ ክርስቲያኖች ፖርቱጋሎች ከመድረሳቸው ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ በሱርስት ቋንቋ ይቀድሱ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1599 የጎኣው ሊቀ ጳጳስ ሜኔዜስ በዲያምፐር ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ጠርቶ ሥርዓታቸውን ወደ ሮማው አስጠጋ፤ ስሕተት አለባቸው ያላቸውንም የሱርስት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አደረገ። ብራና ፍቆ የጻፈ ሰው የዚህን ክፋት ያውቀዋል፤ አንዱን መጽሐፍ ለመገልበጥ ስንት ወር ይፈጃል!

ሕዝቡ ከ50 ዓመት በላይ ታገሠ። ከምሥራቅ የመጣውን ጳጳስ አሐታላን ፖርቱጋሎች ይዘው አሰጠሙት የሚል ወሬ ሲሰማ ግን ትዕግሥቱ አለቀ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ወሬውን ባይቀበሉትም። ጃንዋሪ 3 ቀን 1653 በማታንቼሪ ተሰብስበው ለኢየሱሳውያን ላለመገዛት በመስቀል ማሉ። መስቀሉን ሁሉም ሊነኩት ስላልቻሉ ገመድ አስረውበት ገመዱን ያዙ። በስበቱ ብዛት ጎበጠ ይባላል፤ «ኩናን» ማለትም ጎባጣ መባሉ ከዚህ ነው።

መሐላው ሁሉንም በአንድነት አላቆየም፤ ብዙዎቹ ወደ ሮማ ተመለሱ። የቀሩት በ1665 ከኢየሩሳሌም የመጡትን የሶርያውን ጳጳስ ጎርጎርዮስን ተቀበሉ። አፄ ፋሲል ከአገራችን ያስወጡት አልፎንስ ሜንዴዝም የተሻገረው ወደዚያው ወደ ጎኣ ነበር። በ1965 የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አኃት አብያተ ክርስቲያናት አባቶች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ የማላባሩ ካቶሊኮስም ከመካከላቸው ተቀምጠዋል።